የገብስ ሂሳብ

ጃንሜዳ ዳር ካለው፣ ከቆርቆሮው በረት፣
ሦስት ፈረስ ቀርተዋል አርባ ከነበሩት።
ዳማው ይናከሳል፣ ግራጫው ያነክሳል፤
ቦራ ይሻል ነበር፣ እሱም ገብስ ያንሰዋል።

ዛሬ ስብሰባ ነው። ከመቀመጫው ሥር
ክለቡ ተሰይሟል በር ዘግቶ ሊማከር።
እኔ ድምፅ የለኝም፤ ደመወዜ እንኳን
ሁለት ወር አለፈው ካላየሁት ዐይኑን።
ልጓም ይዤ ቆሜ በመስኮቱ ስንጥቅ
እሰማለሁ እንጂ ማን እኔን ሊጠይቅ።

አቶ ልሳነወርቅ ደብተር አወጡና፣
«ይህ የጭድ፣ ይህ የገብስ፣ ይህ የጣሪያ ጥገና፤
ይህ ደግሞ መግቢያ ነው።» ሳቅ አሉ በአፍንጫ።
«ሰው ካልመጣ ለምን ይህ ሁሉ መቀመጫ?
ባለፈው እሁድ ለት የገባው ተመልካች
ሃያ ሦስት ሰው ነው፤ ስድስቱ የኛው ልጆች፤
አንዱ ዝናብ ፈርቶ ጣሪያ ፈልጎ ነው።
ወገኖች፣ ፈረሱን አሁን የሚያየው ማነው?
ማሽን እናስገባ፣ ሠላሳ ባለ መብራት፣
ብር እየጎረሰ የሚዘፍን ሌሊት።
ማሽን አያነክስም፤ ማሽን ገብስ አይበላም፤
ከሚያስገባው አሥራት ፈረስ ጦም አያድርም።»

ሻለቃ ጥላዬ ከወንበር ሲነሡ
ጉልበታቸው ቀድሞ ተንቋቋ ለራሱ።
«እኔ ስጋልብ ሳለሁ፣ ሰው የሚወራረደው
ጋላቢውን አውቆ፣ ፈረስ ዳብሶ ነው፤
ሰኮናውን አይቶ፣ ትንፋሹን አድምጦ፣
ከወዳጁ ጋራ ሣር ላይ ተቀምጦ።
በልቶም ይጋብዛል፤ ተበልቶም ይስቃል፤
ይሄ ቆርቆሮ ግን ይሉኝታ መች ያውቃል?»

«ያውስ ቁማር አይደል?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሻለቃ ዝም አሉ።
ቦራ ጆሮው ላይ ያረፈችውን ዝንብ አራገፈ።

እኔ ናሁሰናይን አሰብኩ፣ ታናሼን።
ከስድስት ኪሎ በታች፣ ካለው ውርርድ ቤት፣
ስንቴ አውጥቼዋለሁ እጁን ይዤ በሌሊት።
በካርታ ቢያሳዩት የማያገኘው ከተማ
ስንት ለስንት እንደወጣ ያውቃል።
እቤት ዱቄት ካለቀ ስንት ቀኑ እንደሆነ ይረሳል።
ባለፈው ጳጉሜ ጫማ ሸጠ፤
የኔን ጫማ።

ማሽኑ ከመጣ እንግዲህ ሩቅ አይሄድም።
እኔ እዚህ ገብስ ስሰፍር፣
እሱ ከግድግዳው ማዶ
ለዚያው ገብስ ይከፍላል።

ሂሳቡን ሠራሁት በምሰፍርበት ጣሳ፦
የመጀመሪያው ጣሳ የናሁ የቀን ምሳ፤
ሁለተኛው ኪራይ፤ ሦስተኛው የእናቴ
የደም ግፊት ኪኒን፤
እዚህ ላይ መስፈር ተውኩ።
ቦራ ይወፍራል፤ ጠጉሩ ያብረቀርቃል፤
ጎኑ ላይ ያለው ወዝ የማን እንደሆን ማን ያውቃል?

ግን እውነቱን ልንገር፣ ማንም ስለማይሰማኝ፣
የፈረሱን ዐይን ሳይ ያ ሁሉ ጠፋብኝ።
ትናንት ሌሊት የበረቱን አግዳሚ ሲያኝክ ሰማሁት።
እንጨቱን።
ተነሥቼ አበራሁ፤ አፉ ስንጥር ሞልቶታል፤
እንደ ሰው አፍሮ ፊቱን አዞረብኝ።
ክለቡ ከተዘጋ ዕጣው የታወቀ ነው፤
ለገላን ባለ ጋሪ፣ አሸዋና ብሎኬት፣
ከዚያ ወዲያ አላስብም።

ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል በሩ ተከፈተ።
አምስት ለአምስት ወጣ።
አቶ ልሳነወርቅ ክራቫታቸውን ላላ አድርገው መጡና፣
«እስቲ አንተ ዘርጋው፣ የበረቱ ሰው ነህ፤
ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤
ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።
አፌን ከፈትኩና፣
ናሁሰናይ ከአጥሩ ማዶ ሲያፏጭ ሰማሁ፤
እራት ሊለምነኝ ነው የመጣው።

መልስ አልሰጠሁም።
ጣሳውን ሰጠኋቸው።
ገልብጠው ታቹን አዩት፤ ዋጋ የተጻፈበት መስሏቸው ይሆናል፤
ቦራም አንገቱን ሰገግ አድርጎ
ከእጃቸው ላይ፣ በአፍንጫው፣
ባዶውን ፈተሸው።