ሠላሳ ሦስት ከሲሶ

ግራ ጆሮዬን ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በልቶታል፤
ሃያ ሁለት ዓመት ከሽመና መኪና ጋር የኖረ ምን ይሰማል?
ቀኟ ቀርታኛለች፣ እሷም ደስ ሲላት፤
እኔን ነው እንግዲህ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ይበልጣል ሸክላ ሲያሰማ የሚጠራኝ ለምስክርነት።

ስሙ ራሱ ጣጣ ነው።
«ይሄ መርፌ ከፊተኛው?» «ይበልጣል።»
«ይሄኛው ሽቦስ ከዚያኛው?» «በጣም እንጂ! ይበልጣል።»
«ዋጋውስ ከደሞዝህ?» ሲባል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
ማንጠግቦሽ ናት ከጓዳ የምትመልስ፦ «ይበልጣል!»

ማጫወቻው የመጣ ዕለት፣ ሣጥን በሣጥን ተጠቅልሎ፣
ባጃጁን «ቀስ! ቀስ!» እያለ
በዘንባባው መንገድ ሙሉ በሩጫ ተከትሎ፤
ጠረጴዛ አይሆንም አለ፣ ጠረጴዛ ይርዳል፤
ከዓባይ ማዶ ጥቁር ድንጋይ አስጠርቦ፣ አራት ጎረምሳ አሸክሞ
ሳሎን መሃል ተከለው፣ እንደ ሐውልት አቁሞ።
ውሃ ልክ በላዩ ጭኖ፣ እንደ ግንበኛ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
እግሩ ሥር ምላጭ ሲከት፣ ወረቀት ሲያወጣ አምሽቶ፣
«ጣና እንኳ እንዲህ አልተስተካከለ» አለ፣ ላቡን ጠርጎ።
«ጣናማ» አለች ማንጠግቦሽ፣
«ድንጋይ ሳይጠርቡለት ነው የተኛው።»

«በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ዙር» ይለናል፣ «ከሲሶ!»
ሲሶዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ምስጢር እንዳነሣ።
እኛ ሲሶ የምናውቀው በመሬት ነው፣
ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ፤
«ይቺኛዋስ የማን ናት?» ብለው፣
«የጆሮ ናት፤ ወሬ አውርተህ አታበላሽ።»

ሐሙስ ሲመሽ ፍሪጁ ይነቀላል፣ ያጉረመርማልና፤
አምፖሉም ይጠፋል፣ በቀጭኑ ያፏጫል አለና።
(እኔ አልሰማሁም። ግን እኔ ማን ነኝ?)
ቀረሶው ፍሪጅ ውስጥ ላብ ያልበዋል፤
«ድሮ ሸክላ ውሃ ይይዝ ነበር» ትላለች ማንጠግቦሽ፣
«ዛሬ ባል ይይዛል።»

ያን ምሽት አዲስ መርፌ ነበረ፣
ከጤፍ ያነሰ፣ ከበሬ የተወደደ፤
ትንፋሹን ይዞ፣ አጎንብሶ፣ ክንዱን አወረደ።
ዋሴ ውሃ እንደጠጣች ዶሮ አንገቱን ሰቀለ፣
የቴሌው ጡረተኛ እንግዳወርቅ ጫማውን አወለቀ፤
እኔ መንካት የተከለከለውን የእንጨት ጠርዝ
በጨለማ ተገን በጣቴ ጫፍ ያዝኩ፤
መኪና ሲታመም በእጄ ነበር የማውቀው፣
ሸክላም ቢሆን በእጄ ነው የምሰማው።

አንዱ ዘፈን አለቀ።
ሌላው ሳይጀምር፣ በመሃል ባለችው ባዶ ቦታ፣
ጣቴ ሥር እንጨቱ ሞተ።
መብራት ሄደ።
ማን ይወቅ? ቀድሞም ጨለማ ውስጥ ነን።

«ወይ ዝምታ!» አለ ዋሴ፣ «ዝምታው እንዴት ይጠቁራል!»
«መርፌው ነው» አለ እንግዳወርቅ፣
«የፊተኛው ዝምታ አቧራ ነበረው፤ ይሄ ታጥቧል።»
ይበልጣል ምንም አላለም።

ከዚያ ውሃው መጣ፣ የደንገሉን እግር እየላሰ፤
የዘገየ ታንኳ፣ ዘንጉን እየነቀለ እየመለሰ፤
ራቅ ብሎ ጉማሬ፣ ዳኛ እንደሆነ ሽማግሌ
ጉሮሮውን ሲጠርግ።
«ቤዙን ስሙልኝ!» አለ ዋሴ፣ «ከወለሉ እኮ ነው የሚነሣ!»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፤
የጥገና ሰው ነኝ፣ የሚሠራ ነገር አይፈታም።
ማንጠግቦሽ ሻማ ይዛ ብቅ አለች፤
ለቆመ ሸክላ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሽማግሎች አየች፣
ጣቴን ከንፈሬ ላይ አየች፣
ሻማዋን እፍ ብላ ከጎኔ ተቀመጠች።

ያኔ ይበልጣል ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠጋ፦
«ጉማሬውን እኔም ሰምቻለሁ» አለኝ በሹክሹክታ፣
«ሲሶዋ ይቺ ናት። ዝም በል።»
ዝም አልን።
ቆይታ፣ በጨለማው፣ ማንጠግቦሽ ቀስ ብላ
«ይበልጣል» አለች፤
ስሙን ጠርታ ይሁን አወዳድራ፣
በአንድ ጆሮ አይለይም።