ገብስ ገብሱን

ገብስ ገብሱን ላውራ፤ በረዶው ይቆየኝ፤
ዳርካ ከነመነጽሯ ማሳው መሀል ታየኝ።
ላኮምብ ላይ በሐምሌ ሌሊቱ አይረዝምም፤
እሷም፣ እኔም፣ ገብሱም ተኝተን አናረፍድም።

በወረንጦ ጫፍ ላይ እስትንፋስ ይዘን፣
አበባውን ከፍተን፣ ወንዴውን ለቅመን
(ሦስት ናቸው፣ ሦስት፣ እንደ ስንጥር ቀጭን)፣
በወረቀት ከረጢት ሴቴዋን ሸፍነን፣
ቀኑን በእርሳስ ጽፈን፣
በሦስተኛው ማለዳ ሙሽራ አመጣን።

እናቲቱ ረጅም ናት፣ ፍሬዋ ሙሉ፣
ድንቡሽቡሽ፣ ቢራ ጠማቂዎች ሁሉ
የሚመኙት ዓይነት። ነፋስ ሲጠራት ግን
አቤት ብላ ትጋሽባለች፤
አገዳዋ እምቢ ማለት አልተማረም።
አባትየው አጭር፣ ከወገቤ አያልፍም፣
አንጓው እንደ ሚስማር፣ ዐውሎ አያጎብጠውም፤
ፍሬው ግን ቀጫጫ፣ በወንፊት ያልፋል፤
"ለከብት ነው" ይላል ሄንክ፣ ሚዛኑን ያጠፋል።

የፈለግነው ትንሽ ነው፦ የእሱን እግር፣ የእሷን ሆድ።
ስድስት ዓመት ወሰደ ይህን ትንሽ መውደድ።

የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ዓይነት ነበረ፣
ሁሉም ረጅም ሆኖ ለነፋስ ያደረ።
በሁለተኛው ዓመት አጭሩ ብቅ አለ፤
ከአራት አንዱ፣ ከአራት አንዱ፣ ጠብ ያላለ ሒሳብ፤
አያት የደበቀው በልጅ ልጅ ተገለጠ።

አጭር ባገኘን ቁጥር ግን ፍሬው ቀጫጫ።
አንዱን ስትጎትተው ሌላው ይከተላል።
ዳርካ ጣቷን በጣቷ ላይ ጠምጥማ
"ጎረቤት ናቸው" ትላለች፣
"በአንድ ክር ላይ፣ ግድግዳ የተጋሩ፤
ክሩ በመካከላቸው እስኪበጠስ ድረስ
አንዱን ጠርቶ ሌላውን ደጅ ማስቀረት የለም።"
እኔም የበጠሰውን ፍለጋ፣ ማስመሪያ ይዤ፣
ከአፈር እስከ ዛላ ጫፍ፣ ፂሙን ሳልጨምር፣
ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ለካሁ።
ሰማንያ ስምንት። መቶ አራት። መቶ አራት ተኩል።
ወገቤ ከገብሱ ቀድሞ ጋሸበ።

እሺ፣ በረዶውንም ልናገር።
ነሐሴ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤
ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣ ሄንክ ትራክተሩን አጠፋ።
አሥራ ሁለት ደቂቃ። የእንቁላል አስኳል የሚያህል።
ከመጋዘኑ ስንወጣ ማሳው ምንጣፍ ነበር፤
የቁጥር ሰሌዳዎቹ እንደ ብስኩት ተሰባብረው፣
የአንዱ ግማሽ ከጫማዬ ሥር፦ "አራት መቶ አሥራ"።
አሥራ ስንት፣ አይነበብም።
ሄንክ ኮፍያውን አወለቀ። ዳርካ ቆጠረች።
የቆሙት ስልሳ አንድ፣ ሁሉም አጭር፣ ሁሉም ቀጫጫ፣
አንዱ ሲቀር።

በሁለት መስመር መሀል፣ መተላለፊያው ላይ ማለት ይቻላል፣
ሰማንያ ሁለት ሴንቲ፣ ሁለት ፂም ብቻ ተሰብሮበት።
ዛላውን በመዳፏ አሸችው፣ እብቁን እፍ አለች፤
ፍሬው ሙሉ ነበር።
ማንም አልጮኸም።
"ቁጥሩስ?" አለች። አሥራ ሰባት ወይ አሥራ ስምንት፣
ከሁለቱ ለአንዱ መማል ፈልጌ ነበር።

ቅጠሉን ለቤተ ሙከራ ላክን፤
ጥቅምት ላይ መልሱ መጣ፦ ከሁለቱም አይደለም።
ካዳቀልናቸውም ከአንዱም አይወለድም።
አምና ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ይሆናል፣
ወይ ከጎረቤት ማሳ በወፍ ሆድ የመጣ፤
ስድስት ዓመት የለመንነውን ክር
ማንም ሳይለካው፣ እግር መሀል ሆኖ በጥሶታል።

መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው፤ "እናት" ይላል፣ "አባት" ይላል።
ዳርካ የእናቱን ባዶ ትታ አቀበለችኝ፤
እኔ ከአባት ሥር፣ በእርሳስ፣ "በረዶ" ብዬ ጻፍኩ።
አይታዋለች።
ላጲሱ አጠገቧ ነበር።