ውሃ ልክ

በትብሊሲ ሌሊት፣ ከቫዣ ራስጌ
ናቴላ አጎንብሳ፣ ውሃ ልክ ዘርግታ
ከጆሮው ቀዳዳ እስከ ብልቃጡ አፍ
አረፋዋን ታያለች።

ግንበኛ ነው እሱ፤
አርባ ዓመት በዚህ ልክ ግድግዳ ያቀና፣
ዛሬ የራሱ ራስ በዚሁ ተለካና
ተኝቷል።
ዕጢው በሰላም ወጥቶ፣ ስፌቱ አመረቀዘ።

ብልቃጡ ከፍ ቢል፣ ይታመቃል ውስጡ፤
ዝቅ ቢል ይሮጣል፣ ይነጥፋል ምንጩ።
ጠብ።
ትጠብቃለች።
ጠብ።
በሰዓት ስምንት ሚሊ፤ ጻፈችው በእርሳስ።
ትናንት የሩዝ ውሃ ይመስል የነበረው
ዛሬ ከቱቦው ማዶ ጣቷን አሳያት።
"ዳነ" ግን አላለችም፤
ሦስቴ ይመርመር፣ ሦስቴ ንጹሕ ይውጣ።

ሊነጋጋ ሲል ቫዣ ዓይኑን ገለጠና
አረፋዋን አያት፤
"ወደ ግራ ሄዳለች" አለ፣ በሻከረ ድምፅ።
ናቴላ ዝቅ ብላ አየች።
ለአንድ ፀጉር ያህል።
እውነቱን ነበረ።