ካይን ትይዩ

ሁለት ካርቶን ወረደ፣ ካንድ አይሱዙ ጀርባ፤
አንማው ቆጥሮ ፈረመ፣ እኔ ይዤ ስገባ።
ቀይ ክዳን ያለው ዲስክ፣ ሰማያዊ ክዳን፣
አንዱ ካንዱ ማጫወቻ የማይገባ ኪዳን።
«የቆሮሶው ቅርፊት ይቆጠራል» አሉ፣
ሁለቱም በየሳጥናቸው ይህንኑ ማሉ።

እኔ ቀዩን ወደድሁ፤ ምስሉ ለዓይኔ ቀና፣
ዝናብ ሲወርድበት መሰለኝ የኛው ጣና።
የሰባት ወር ቁጠባ፣ ከአልጋ ሥር ያኖርሁት፣
ማጫወቻውን ከራሱ ከአንማው ገዛሁት።

አንድ ሐሙስ ማታ ግን አስመጪው ደወለ፤
«ሰማያዊውን ግፋልኝ፣ ባሥሩ ሁለት ልመርቅ» አለ።
አንማው ስልኩን ዘጋ። ጉሮሮውን ጠረገ ሳይስቅ፤
«አንተ ልጅ፣ ያን ካይን ትይዩ፤ ይህን ዝቅ።»

ጦርነቱ ይኸው ነበር።
መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በገዛ እጄ አወረድሁት፣
ከባትሪና ከጫማ ቀለም ጎን አስቀመጥሁት።
ደንበኛ ጎንበስ አይልም።
«ቀዩስ?» ያለ አንድ መምህር ነበር፤
«ቀርቷል» አልሁት፣ እግሬ ሥር እያለ።
ጥራት ያሸንፋል የሚል ሰው
መደርደሪያ ደርድሮ አያውቅም።

ሰማያዊውም አልከረመ፤ ፍላሽ መጥቶ በላው።
ያልተሸጠውን ቀይ አንማው
በወር ደመወዜ ፈንታ አሸከመኝ።

ዛሬ ወራሚት ላይ፣ ከማንጎዬ ቅርንጫፍ፣
በሲባጎ አንጠልጥዬዋለሁ፣ ወፍ እንዳያርፍ።
ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ሁሉም ባንዴ ይዞራል፤
የማላየው ፊልም ሁሉ ፊቴ ላይ ይበራል።

አንማው ባለፈው እሑድ ማንጎ ሊገዛ መጣ፤
ቀና ብሎ ቆየ፣ ብሩን ከኪሱ ሳያወጣ።
«ካይን ትይዩ ሰቀልሃቸው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
አልመለስሁም።
ሁለት ኪሎ መዘንሁ፤ መረቅሁለት አንድ ማንጎ።