ከኮርኒሱ በላይ

ሞንቴቪዴዮ፣ ደቡብ ሰፈር፣ ባሕር በሚያህለው ወንዝ ዳር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ እኔ አለሁ፤ መቀስ፣ መርፌ፣ የተጠቀለለ ክር።
አምስተኛው ላይ ዊልማር አለ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፤
ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ይዞ፣ ከጥሩምባ ጋር ሲከራከር።

ሰፈሩ ከበሮ ያውቃል። እሑድ ማታ ጎዳናው በሙሉ ቆዳ ይሆናል፤
መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይዘፍናል።
ከበሮውን አልጠላም፤ ልጅነቴ በእሱ ነው የተሰፋው።
የጠላሁት ሌላውን ነው፦ ማንም ሳይሰማው የሚጮኸው፣
በአሳንሰሩ፣ በዳቦ ቤቱ፣ በጥርስ ሐኪሙ ደጅ የሚንጠባጠበው፣
እንዳልተዘጋ ቧንቧ፣ ማንም ሳይጠጣለት የሚፈሰው።

እኔም አንዷ ነበርኩ። ሬዲዮዬ ከንጋት እስከ ውድቅት ክፍት፤
ምን እንደዘፈነ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ አብሮኝ ይሁን ብዬ እንጂ፣ እንደ ድመት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የእኔውማ ተከራይ ሆኖ ኖሯል፣ ኪራይ ሳይከፍል።

አንድ ሐሙስ ማታ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ሬዲዮው ጨሰና ተቃጠለ።
ያኔ ነው የሰማሁት፤ ከላዬ ሰው አለ።

መጀመሪያ ጫማ፦ ዷ። ቆይቶ ሁለተኛው፦ ዷ።
ወንበር ተጎተተ፤ ከዚያ ምንም፤ ጸጥታው እንደ ባዶ ጓዳ።
ሞተ እንዴ? አልኩ። መቀሴን እንደያዝኩ አንገቴን አቀናሁ፤
አንድ ደቂቃ፣ ሦስት፣ አምስት… በመጥረጊያ እንጨት ላንኳኳ ተነሳሁ።
ያን ጊዜ መርፌ አረፈ፣ የእኔ ሳይሆን የእሱ፣ ሸክላው ላይ፤ ተንጣጣ እንደ ሽንኩርት፤
ከዚያ አንድ ቼሎ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ደረጃ እንደሚወርድ አዛውንት።

ሸክላው የኔሊዳ ነበር፣ የሦስተኛ ፎቋ፣ ነፍሷን ይማር፤
ልጆቿ ከቆሻሻው ጋር ሲያወጡት ዊልማር ነው ያነሳው፣ ከዝናብ ሥር።
አንድ ሸክላ፣ አንድ ገጽ። ሌላኛው ገጽ ተቧጭሯል።
በየሐሙሱ ያንኑ! አይሰለቸውም? ሰው እንዴት ይችላል?
ደረጃ ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት፤ ማቴውን መጠጠ፣ አልቸኮለም፦
«ለምን ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ መጀመሪያ?» ዝም አለ። መልስ አይመስልም።
«እጄን ሳልታጠብ ማዕድ አልቀርብም» አለኝ፤
ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ያርፋል።
የጫማውን ዷ እጠብቃለሁ፤ በሁለተኛው ትንፋሼ ይሰክናል።
ዝምታው ባዶ አልነበረም ለካ፤
የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ ደሜ በጆሮዬ ሲሄድ፣ ወንዙ ከሩቅ ድንጋይ ሲያንኳኳ፤
የጎረቤት ሕፃን ሳል፤ የዝናብ ጠብታ ከጣራ፤
ሙዚቃው ሲመጣ የተጠረገ ቤት ይገባል፣ አይጋፋም ከማንም ጋራ።

አንድ ቦታ አለ፣ ከመሃሉ አልፎ፣ ቼሎው ሊናገር ብሎ የሚተወው፤
በስድስተኛው ሐሙስ ያስተዋልኩት፣
በዘጠነኛው ያለቀስኩለት፣ እስካሁን ምክንያቱን የማላውቀው።

በጥቅምት መብራት ጠፋ። ልክ እዚያ ቦታ ሊደርስ ሲል።
ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ቁልቁል ወረደ እንደሚሰምጥ በርሜል።
ሰፈሩ ጨለመ። ፍሪጁ ዝም። አሳንሰሩ ዝም። ጠበቅሁ።
ከላይ፣ በሻከረ፣ ቅኝት በሳተ ጉሮሮ፣ ሰማሁ፤
ዊልማር ቀሪውን እያንጎራጎረ ነበር። ቦታው ጋ ደረሰ፤ ተወው።
እኔም ከታች ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተራውን እንደሚያውቀው
ሁለተኛ ተጫዋች።

በማግስቱ ደረጃ ላይ ተገናኘን፤ እኔ የሰው ሱሪ በክንዴ፣ እሱ ቆቡን አጥልቆ።
«እንደምን አደርሽ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው፣ አውቆ።

ሬዲዮዬን እስካሁን አላሠራሁትም።