የትርንጎ አጥር

ካዛንቺስ ነበር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፤
ቡገንቪሊያው የዛገ ቆርቆሮ አዝሎ
ይኖራል ጎንበስ ብሎ።
ሰው "አጥሩ ሐረጉን ደግፎታል" ይላል፤
ውሸት ነው፤ ምስማሩ ድሮ ረግፏል፣
ቆርቆሮው በእሾህ ተሰፍቷል።

ጠዋት ጠዋት ለታክሲ ስሯሯጥ
ክሩን ከሹራቤ ሲመዠርጥ
ረግሜው አልፋለሁ።
ማታ መብራት ጠፍቶ ስመለስ ግን
በራችንን የምለየው በሱ ነው፤
የረገፈው ከእግሬ ስር
እንደ አሮጌ ደረሰኝ ሲንኮሻኮሽ።
አይበሰብስ፣ አይሸት፣
ነፋስ ሲመጣ ብቻ ቤት ይቀይራል።

የተከለችው ትርንጎ ናት፤ የታይፕ ጸሐፊ፣
ጣቷ ፈጣን፣ ምላሷ ገራፊ።
ባሏ "ሲጋራ ልግዛ" ብሎ በቀረበት ዓመት
ጥቁር ትለብሳለች ብሎ ሰፈሩ ሲጠብቃት
ሐምራዊ ቀሚስ፣ ሐምራዊ ሻሽ፣ ሐምራዊ ጫማ!
"አላዘነችም" ተባለ። ሰማች፤ እንዳልሰማ
ሆና አለፈች።
በማግስቱ ብርቱካናማ ለበሰች።

ግንፍሌ ወንዝ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ጋሽ ሸምሱ
አለ፤ መቀስ በኪሱ፣
አፈር በጥፍሩ፣ በዓመት ሁለቴ እየመጣ
ይከረክመዋል።
አንድ ቀን ባልዲ ይዤ አየኝ።
"ምን ልታደርጊ ነው?"
"ላጠጣው።"
"ተይው! ይኼ እንደ ጽጌረዳ አይደለም፤
ካጠገብሽው ቅጠል በቅጠል ነው።
ሲጠማ ነው የሚያብደው።"

ደግሞ አንድ ዘለላ ቀጠፈና
"አበባው የቱ ነው?" አለኝ።
"ይኸው፣ ሐምራዊው።"
ሳቀብኝ።
"እሱማ ቅጠል ነው የኔ ልጅ፤ ልብሱ ነው።"
ሦስቱን ክንፎች በጥፍሩ ፈለቀቀ።
ከያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ቀጭን ቧንቧ፣
ጫፏ ላይ ነጭ፣
ከሽንብራ ያነሰች ኮከብ።
ሽታ እንኳ የላትም።
ሃያ ዓመት ሙሉ በስሩ ሳልፍ
አንድም ቀን አበባውን አላየሁም።

ቀና ስል ትርንጎ መስኮቷ ላይ ናት፤
ሰምታለች።
ምንም አላለች።
መጋረጃዋን ሳበች።

ቀዩ ቁጥር በሩ ላይ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።
ክረምቱ ሳይወጣ ሐረጉ ሸፈነው።
የወረዳው ልጆች መጡ፣
ቅርንጫፉን በዱላ ገፉ፣
እጃቸው እየደማ እንደገና ጻፉ።

አይሱዙው እያጓራ ዕቃ ስንጭን
ትርንጎ ወጣች። ሻሽ አላሰረች፣
ጫማ አላደረገች፣
በነጭ የሌሊት ልብስ፣ የወጥ ቤት ቢላ ይዛ።
ለካ አጭር ናት!
እንዲህ ትንሽ መሆኗን ማን ያውቅ ነበር?
ከግንዱ አንድ ክንድ የሚያህል ቆረጠች፣
በጋዜጣ ጠቀለለች፣
"ስሩን ራሱ ያወጣል" ብላ ሰጠችኝ።
እሾሁን አላራገፈችልኝም።

አሁን ልደታ ነኝ፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።
በባዶ የቀለም ባልዲ ተክዬዋለሁ።
ሁለት ክረምት አለፈ፣ አረንጓዴ ነው፤
አረንጓዴ ብቻ።
ጎረቤቴ "ምን ዓይነት ጎመን ነው?" ብላኛለች።
ውሃ በመጣ ቁጥር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን፣
ጀሪካኔን ሳልሞላ እሱን አጠጣለሁ።
የጋሽ ሸምሱን ቃል አልረሳሁም፤
ፈርቼ ነው።
ባስጠማው ቢሞትስ?
የትርንጎ ስልክ አይሠራም።
ገርጂ ገባች ያለኝ አለ፣ እህቷ ጋ ያለኝም አለ።

ትላንት ልብስ ሳሰጣ
ክንዴን ጫረኝ፣
የድሮው ጠባሳ ላይ።
ደሜን በምራቄ አበስኩ፤
ጆጉን፣ እስከ አፉ የሞላውን፣
ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ።