የጀልባ ሆድ

ፔኒሽ ወደብ ዳር ጀልባ ተሰቅሎ፣
ከውቅያኖስ ወጥቶ፣ በሰንሰለት ታዝሎ፣
ኢዳሊና ቆማ ሆዱን ትፍቃለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሠርታለች።
መጀመሪያ ልጋግ፣ ጣት የሚያንሸራትት፣
ዓይን የማይለየው፣ የጠዋት ጤዛ ዓይነት፤
ቀጥሎ አረንጓዴው፣ ቀጥሎ ዛጎሉ፣
አንዱ ባንዱ ጫንቃ ጎጆ እየተከሉ።
ሳያስፍቅ ቀለም የቀባ፣ የቸኮለ፣
በጸደይ ያየዋል፦ ያው ልጋግ በቀለ።

የራሷን ነገር ግን ለብቻዋ ይዛለች።
ዘንድሮ አራተኛው ነው።
መጀመሪያ ሽታውን በሥራ ልብሷ አሳበበች፣
ቱታዋን ከደጅ አሰጣች፣ በሆምጣጤ አጠበች፤
ኋላ ራሷን፣ በሳሙና፣ በሙቅ ውሃ፣ እስኪያቃጥላት፣
በታጠበች ቁጥር እየባሰባት።
ሰባት ቀን ክኒን፣ ብረት ብረት የሚል፣
እሑድ በገበታ ሰው ወይን ሲጎነጭ፣ እሷ ውሃ ስትል፤
ከዚያ ሦስት ሳምንት እፎይታ፣ ከዚያ የወር አበባ፣
ከዚያ ያው ሽታ፣ ማታ፣ አልጋ ስትገባ፤
አናክሌቶ ምንም ሳይል ፊቱን ወደ ግድግዳ።

«የንጽሕና ጉድለት አይደለም» አለች ዶክተር ዙልሚራ።
«ውስጥሽን አትጠቢ፤ የምታባርሪው ደጎቹን ነው፣
ቤት የሚጠብቁትን በተራ።»
ብርጭቆ ላይ ጠብታ፣ ከማጉያው ሥር፤
በስክሪኑ አንዲት ሴል፣ አሸዋ የለበሰች፣
የጠፋባት ድንበር።
«ይኸውልሽ ጋርድኔሬላ፤ ሌሎችም አብረው፣
በገዛ ሙጫቸው ተጣብቀው፣ ጣራ ሠርተው።
መድኃኒቱ ከላይ ያለውን ይፈጃል፤
ከሥር ያለው አድፍጦ ያልፋል፣
ነገር ሲበርድ ይነሣል።»

ኢዳሊና ሳቀች፤ ክፍሉ ያልጠበቀው ሳቅ።
«ይኼማ ልጋግ ነው! ይኼን እኔ ነኝ የማውቅ።
ሳትፍቁ ነዋ ቀለም ስትቀቡኝ የከረማችሁ!»
ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።
«ሥጋ እንደ እንጨት አይፋቅም። የሚያሟሟውን እየፈለጉ ነው፤
ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እሺ ያለ አለ፣
ሴት ውስጥ ሲገባ ግን… ገና ነው።
እስከዚያው ረዘም ያለ መድኃኒት። ባልሽንም አምጪው፤
እሱም ላይ ሊያድር ይችላል፣ ሳያመው፣ ሳይሸተው።»

ማታ የእሱን ክኒንና ቅባት ጠረጴዛ ላይ አኖረች።
አናክሌቶ ካርቶኑን አገላበጠ፦ «እኔ ምንም የለብኝ።»
«ጀልባም» አለችው፣ «ውሃ ውስጥ ሳለ
እንደዚያው ነው የሚለኝ።»

መብራት ጠፋ። ነፋሱ መስኮቱን ሲነቀንቅ አደረ።
ጠዋት ጓንቷን ስትፈልግ ካርቶኑን አየች፤
አንድ ክኒን ጎድሏል።
አልጠየቀችም።
መፋቂያ ብረቷን አንሥታ ወጣች።